እታለምና የጃፓኗ ሴት ድምፅ

ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ከጣሪያው በላይ ባለ ተረከዝ የሴት ጫማ ወለሉን ይቀጠቅጣል። ከሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። የድምፅ ቀረፃው አዘጋጅ አንድ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ፣ እንደ ሐውልት ቀጥ ብሏል። ላይ ቤት ጫማ የምትለካው ሴት አንዴ ወደ መስተዋቱ፣ አንዴ ወደ በሩ፣ መልሳ ደግሞ ወደ መስተዋቱ ትመላለሳለች። «ግዢውና ገላግዪን እንጂ እቴ፤ አምሮብሻል!» ይላል አዘጋጁ ጥርሱን ነክሶ በሹክሹክታ። ሳቅ የተናነቃቸው በመዳፋቸው አፋቸውን ያፍናሉ። በመጨረሻ ኮቴው ይርቃል፤ የተቀሰረው ጣት ይወርዳል፤ ሥራው ይቀጥላል።

እታለም ከዚያ ዘመን የረሳችው ብዙ ነው። የምድር ቤቱ በር ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ብትጠየቅ አትመልስም። ግድግዳው ላይ የተለጠፉት የእንቁላል መያዣ ካርቶኖችና የተሰቀሉት አሮጌ ብርድ ልብሶች ግን ትዝ ይሏታል፤ ያ የተረከዝ ድምፅ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ። ዛሬም መንገድ ላይ እንዲያ ያለ ጫማ ያደረገች ሴት ስታልፍ፣ ሳይታወቃት አፏን ግጥም አድርጋ ቆማ ታሳልፋታለች።

እታለም፣ ታናሽ እህቷ እርሷን የምትጠራበት ስም ነበር። እህቷ ስትጠራት ጎረቤት ሰማ፤ ጎረቤት ሲጠራት የሥራ ባልደረቦቿ ሰሙ፤ ውሎ አድሮ በዕድሜ የሚበልጧት ሰዎች ሳይቀሩ እታለም ይሏት ጀመር። ሥራዋ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ነበር። ከትኬት መሸጫው በላይ ባለች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ በሚቀርባት የመስታወት ክፍል ተቀምጣ፣ የትኛው አውቶቡስ እንደገባ፣ የትኛው እንደሚወጣ፣ የማን ልጅ እንደጠፋና የማን ቦርሳ እንደተገኘ በድምፅ ማጉያ ትናገራለች። ድምፅዋ ልስልስ ያለ፣ የማይቸኩል ነበር። መዘግየትን ስታስታውቅ እንኳ ተሳፋሪው ውለታ የተዋለለት ይመስለው ነበር ይባላል።

አንድ ቀን እንዲሁ አውቶቡሱ ዘግይቶበት ሲንቆራጠጥ የነበረ ቀጭን ሰውዬ ወደ ትኬት ቆራጩ ቀርቦ፣ «አውቶቡሱ ቢፈልግ ይቅር፤ ይህችን ሴት ብቻ አሳዩኝ» አለ።

ትኬት ቆራጩ ከላይ እስከ ታች አየውና፣ «ወንድሜ፣ አንተ የመጀመሪያው አይደለህም፤ ተሰለፍ» አለው።

ሰውዬው ግን ለትዳር የመጣ አልነበረም። ከጫማ ቤት ሥር ምድር ቤት ተከራይቶ ለማስታወቂያ ድምፅ የሚቀርፅ አዘጋጅ ነው። በዚያ ሰሞን አንድ ትልቅ ሥራ በእጁ ገብቶለታል፤ የጃፓን የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ጨዋታው ውስጥ ያሉት ሰዎች እንደ ፊልም ተዋናይ ይናገራሉ፣ ይቆጣሉ፣ ይስቃሉ። ይህ ሁሉ ንግግር ወደ አገሬው ቋንቋ ተመልሶ በአገሬው ሰው አፍ መነገር አለበት። አዘጋጁ ንጉሡን አግኝቷል፤ ድምፁ እንደ ነጋሪት የሚያስገመግም የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ነው። ሦስት ወታደሮችንና አንድ ውሻ ለብቻው የሚጫወት ባለታክሲም አለው። የጎደለችው እናት ናት።

«የልጁ እናት ነሽ» አላት። «ሌላ ምንም ማወቅ አያስፈልግሽም።»

እውነትም ሌላ ምንም አልነገራት። እርሱም አያውቅማ! ከጃፓን የመጣለት የተተረጎመው ጽሑፍና የእያንዳንዱ ንግግር ርዝመት ብቻ ነበር። ሥዕሉም ድምፁም በኋላ ይመጣል ተብሎ ሳይመጣ ቀረ። ያንን ጽሑፍ ደግሞ ያ የተረከዝ ኳኳታ አተረማመሰው። ጫማ ቤቱ ገበያ በሚደራበት ሰዓት ረጅም ንግግር መቅረፅ የማይታሰብ ነው፤ ሰው መሐሉ ላይ ይረግጠዋል። ስለዚህ አዘጋጁ ጽሑፉን በሙሉ ቆራርጦ እንደገና ደረደረው፤ የታሪኩን ቅደም ተከተል ትቶ፣ በርዝመቱ። አጫጭሩ በኮቴና በኮቴ መካከል ሾልኮ ይነገራል፤ ረጃጅሙ ጫማ ቤቱ ለምሳ እስኪዘጋ ይጠብቃል። በዚህ ዓይነት ልጁ ሳይወለድ ይሞሸራል፤ ንጉሡ ከሞተ በኋላ ዘውድ ይጭናል። ባለታክሲው አንድ ቀን፣ «እኔ እኮ አሁን የጮህኩት ወታደር ሆኜ ይሁን ውሻ ሆኜ አላውቅም» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው።

ከእታለም አጫጭር ንግግሮች አንዷ እንዲህ የምትል ነበረች፦ «ውጭ ይበርዳል፤ ኮትህን ልበስ።»

እታለም ለዚህች ማሰብ አላስፈለጋትም። ጠዋት ጠዋት የእህቷን ልጅ ትምህርት ቤት የምትወስደው እርሷ ነበረች፤ ይህንኑ ቃል በየቀኑ ትለዋለች። አንድ እጇ ቁልፍ ሲፈልግ፣ አንድ እጇ ዳቦ ሲጠቀልል፣ ዞር ሳትል እንደምትናገረው አድርጋ ተናገረችው። አዘጋጁ፣ «እንዴት ያለ ነገር ነው! እናት ማለት ይህ ነው! ቀጥይ!» አለ። ላይ ቤት ኳ፣ ኳ ማለት ጀመረ፤ አለፉ።

ጨዋታው ወጣ። አዘጋጁ አንድ ሲዲ ለእታለም ሰጣት፤ እርሷም ለእህቷ ልጅ ሰጠችው። ልጁን ሁሉም ማሙሽ ይሉት ነበር። በዚያው ዓመት እህቷ ታመመች፤ ሆስፒታል ገባች፤ ከዚያም አልተመለሰችም። ማሙሽ ከእነ ልብሱና ከእነ ጨዋታ ማሽኑ ወደ እታለም ቤት ተዛወረ።

የሐዘኑ ሰሞን አልፎ ቤቱ ጭር ያለ ጊዜ፣ አንድ ቀን እታለም እጇ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ምሳ ቀርቧል ልትለው ወደ ሳሎን ገባች። ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ከተማ ውሃ ይውጣታል። የመጨረሻዋ ጀልባ በውሃ በር በኩል ልትወጣ ነው። እናቲቱ በሩን ከፍቶ የሚይዘውን ከባድ የብረት መዘውር በሁለት እጇ ጨብጣለች፤ ከለቀቀችው በሩ ይወድቃል፣ ጀልባዋም ትቀራለች። ልጁ ጀልባው ላይ ሆኖ ያያታል። እንደማትመጣ ገብቶታል። እናቲቱ ቀና ብላ አየችውና፣ በእታለም ድምፅ፣ ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው፣ «ውጭ ይበርዳል፤ ኮትህን ልበስ» አለችው።

እታለም ክው ብላ ቀረች። አረፋው ከእጇ ላይ ምንጣፉ ላይ ተንጠባጠበ። ሰው ልጁን ለመጨረሻ ጊዜ እያየው፣ እንዲህ እንደ ዋዛ? ማሙሽን ለምሳ መጥራቱን ረስታ ወደ ኩሽና ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ነው አንዲት ነገር ልቧ ውስጥ የገባችው። ይህችን እናት መጀመሪያ የተናገረች አንዲት ሴት ጃፓን አገር አለች። እንደ እርሷው ማይክ ፊት ቆማ ትንፋሽ የሳበች ሴት ናት። እርሷ ታሪኩን ታውቀው ነበር። ታዲያ ያቺን ቃል እንዴት አድርጋ አለቻት? አለቀሰች? ፈገግ አለች? ጮኸች? እታለም ይህን ሳትሰማ መሞት አልፈለገችም። በድምፅ ሲተዳደር ለኖረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ቀላል አይደለም፤ የሌላን ሰው ሥራ ተቀብለሽ፣ ሴትየዋን ሳታያት፣ እንደ ነገሩ አድርገሽ ማስረከብ ነው።

አዘጋጁን አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝታው፣ «ጋሼ፣ ያቺን ነገር እንደገና ብናገራትስ?» ብላ ጠየቀችው።

«የትኛዋን?»

«ኮትህን ልበስ የምትለዋን።»

«እህቴ» አለ አዘጋጁ፣ «ሲዲው አገር ምድሩን አዳርሷል። ልጁ ባሕር ተሻግሮ ንጉሥ ሆኗል። አንቺ አሁን ኮት ላልብሰው ትያለሽ?»

ሳቀች። ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

ዓመታት አለፉ። መናኸሪያው በኮምፒውተር የሚነገር ድምፅ አስገባ፤ እታለም ጡረታ ወጣች። ማሙሽ ጺም አበቀለ፤ መነጽር ቤት ተቀጥሮ ሌንስ የሚሞርድ ባለሙያ ሆነ። ስሙ ግን አልተለወጠም። ደንበኛ ፊት እንኳ ስልክ ስትደውልለት፣ «ማሙሽ፣ በላህ?» ትለዋለች፤ እርሱም ድምፁን አጎርንኖ፣ «አዎ፣ አመሰግናለሁ፣ ቆይቼ እደውላለሁ» ይላታል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እታለም ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ አተር ትፈለፍላለች። ከማሙሽ ክፍል የሴት ድምፅ ሰማች። አተሩን አስቀምጣ ጆሮዋን ጣል አደረገች። አልተሳሳተችም፤ ሴት ናት።

«ማሙሽ!»

«አቤት!»

«ማናት?»

«ማን ማናት?»

«ተው እንጂ፤ ሰምቻለሁ! እንግዳ ካለህ ሻይ ላፍላ።»

«ኧረ ማንም የለም እታለም!»

«በእኔ አፈርክ ወይስ በእርሷ? ምነው፣ እኔ እኮ ሰው አልበላም። ስንት ዓመት ሙሉ የጠበቅኳትን ልጅ በር ዘግተህ...» እያለች በሩን ገፋ አደረገችው።

ማሙሽ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። የጆሮ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ነው፤ ሽቦው ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ ወድቋል፤ ድምፁ ያመለጠው በዚያ ነው። ልጅ ሆኖ ስኳር ሲሰርቅ ተይዞ እንደሚያያት አድርጎ አያት። እታለም ግን ወደ እርሱ አልነበረም የምታየው። የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ያቺ እናት አለች። አፏ ይንቀሳቀሳል። ከአፏ የሚወጣው የማታውቀው ቋንቋ፣ የማታውቀው ድምፅ ነው።

«ይህች እኔ አይደለሁም?»

«ነሽ» አለ ማሙሽ። ከዚያ፣ «ነበርሽ» ብሎ አረመ።

«ሞትኩ እንዴ?»

«ኧረ አፍሽን ቁርጥማት ይብላው! ቁጭ በይ፣ ላስረዳሽ።»

አስረዳት። ያንን የድሮ ጨዋታ የሚወዱ፣ በየአገሩ የተበተኑ፣ ተያይተው የማያውቁ ጥቂት ሰዎች አሉ። አንዱ መርከብ ላይ ይሠራል፤ የመጀመሪያውን የጃፓን ሲዲ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ፈልጎ ያገኘው እርሱ ነው። አንዷ የጃፓንኛ መምህር ናት፤ የትኛው ንግግር የት እንደሚገባ ትለያለች። ማሙሽ ደግሞ የወጣውን ድምፅ ካለው ሥዕል ጋር ያጋጥማል፤ አፍ ሲከፈት ድምፅ እንዲጀምር፣ አፍ ሲዘጋ እንዲያበቃ። ሲያልቅ፣ ጨዋታው ያለው ሰው ሁሉ ከኢንተርኔት አውርዶ የራሱ ላይ ይጭነዋል። ጽሑፉ በእኛ ቋንቋ ከሥር ይቀራል፤ ድምፁ ወደ ጥንቱ ይመለሳል።

«ፓች ነው የምንለው» አላት። «የተቀደደ ላይ እንደሚጣፍ ጨርቅ።»

«ታዲያ እራፊ ነው አትለኝም? ማን አዘዛችሁ?»

«ማንም።»

«ማንም ሳያዛችሁ ነው እሑድ እሑድ ዓይንህን የምታጠፋው? መነጽር ቤት መሥራትህ በጀህ።»

ማሙሽ አልሳቀም። ጺሙን እያሻሸ መሬት መሬት አየ። «እታለም፣ ያንቺ መጥፎ ሆኖ አይደለም እኮ። ሰዎቹ የመጀመሪያውን መስማት ስለፈለጉ ነው። ልነግርሽ እያልኩ... አንቺን እያስወጣሁሽ እንደሆነ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

እታለም ዓይኗን ከእናቲቱ ላይ አልነቀለችም። ማሙሽ የተቀየመች መሰለው። እርሷ ግን ልቧ እንደ ሕፃን ልጅ ልብ ይመታ ነበር። ባሕር ተሻግራ ልትሰማት ያልቻለችው ሴት እነሆ የገዛ ቤቷ ውስጥ፣ ከኮሪደሩ ባሻገር፣ ስታወራ ከርማለች!

«ወንበሩን ሳብልኝ» አለችው። «ከመጀመሪያው ጀምረህ አሰማኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጡ ጀመር። ማሙሽ ብዙም ሳይቆይ ያለ እርሷ መሥራት ከበደው። የአንድን ንግግር ጫፍ መቁረጥ ሲኖርበት፣ «እታለም፣ እዚህ ጋ ትንፋሽ ወሰደች ወይስ ድምፁ ተቆርጦ ነው?» ይላታል። እርሷም ዓይኗን ጨፍና ትሰማና፣ «በአፍንጫዋ ነው የምትተነፍሰው፤ ጭንቀት ሲሆንባት እንዲያ ናት። እንዳትነካባት!» ትለዋለች። አንድ ቀን ማሙሽ መሐል ላይ የነበረ ዝምታ ረዘመ ብሎ ሊያሳጥረው ሲል እጁን መታ አደረገችው። «ቃሉን እየፈለገች እኮ ነው! ሰው እንዲያስብ ጊዜ ስጠው እንጂ ምን ያጣድፍሃል?»

«ቋንቋውን ሳታውቂ እንዴት አወቅሽ?»

«እኔስ ስንት ዓመት ሙሉ የአውቶቡስ ቁጥር ሲጠፋብኝ ምን ሳደርግ የኖርኩ ይመስልሃል?»

በዚህ መልክ እታለም ሴትየዋን ቀስ በቀስ አወቀቻት። ከገመተችው በላይ በዕድሜ ጠና ያለች ናት። ድምፅዋ ወፈር ብሎ ጥግ ጥጉ ሻከር ይላል። ስትስቅ ሳቋን መጨረሻው ላይ መልሳ ትውጠዋለች። ስትቆጣ ድምፅዋን ከፍ በማድረግ ፈንታ ዝቅ ታደርገዋለች። እታለም ይህን ስትሰማ ለብቻዋ ከንፈሯን መጠጠች፤ እርሷ እዚያ ቦታ ላይ እንደ ባለሱቅ ጮሃ ነበርና። ቅናት አልተሰማትም። የተሰማት፣ ለዘመናት በደብዳቤ እንኳ ያላወቃትን የሥራ ባልደረባ በአካል ያገኘ ሰው ደስታ ነው። አተሩን ስትፈለፍል፣ ልብስ ስታጥፍ፣ «ባልደረባዬ እኮ እንዲህ አይደለም የምትለው» እያለች ለራሷ ታወራ ጀመር። ለማሙሽም፣ ለመርከበኛውም፣ ለመምህሯም፣ ሲዲውን ሳይጥል ላቆየው ለማይታወቀው ባለሱቅም ምርቃት ታወርድላቸው ነበር።

የውሃ በሩ ትዕይንት ግን አይመጣም። በጠየቀችው ቁጥር ማሙሽ፣ «እሱ ገና ነው» ይላል። ሁሉም ተሠርቶ አልቆ እንኳ፣ «እሱ ገና ነው።»

በመጨረሻ አንድ እሑድ፣ «አለቀ» አላት። «ነገ ለሁሉም ይለቀቃል።» ጨዋታውን ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ አገናኘው። እታለም የተተኮሰ ቀሚሷን ለብሳ መጣች፤ ማሙሽ ቀሚሱን አየት አደረገ። ጆይስቲኩን ይዞ ተጫወተ፤ ከተማዋ በውሃ ተከበበች፤ እናቲቱ በዚያ ወፍራም ድምፅዋ ሰዎችን ጀልባ ላይ አሳፈረች፣ አዘዘች፣ አበረታታች። እታለም የወንበሩን ክንድ ጨብጣለች። መዘውሩ ተያዘ። ልጁ ዞረ። እናቲቱ ቀና አለች።

«ውጭ ይበርዳል፤ ኮትህን ልበስ።»

እታለም ከወንበሯ ልትነሳ ምንም አልቀራት። የራሷ ድምፅ ነው! ወጣት፣ ቀላል፣ ቁልፍ የሚፈልግ። በዚያ ሁሉ ጃፓንኛ መካከል፣ የሌላ ሰው ቤት ሳያንኳኳ እንደገባ ሰው።

«ይሄ ምንድን ነው ማሙሽ?»

«እሱን ተውኩት።»

«ረስተኸው ነው?»

«ተውኩት አልኩሽ እኮ።»

«ሰዎቹስ? መምህሯ ምን አለች?»

ማሙሽ ጆሮው ቀላ። «የዚያች ፋይል ተበላሽታለች፣ አትከፈትም አልኳቸው።»

«ዋሸሃቸው?»

«አዎ።»

«ጺምህን አንዠርግገህ?»

«እታለም...»

«እታለም አትበለኝ! ይህን ሁሉ ዘመን ልሰማት የፈለግኳት አንዲት ቃል እርሷ ናት። እኔ ታሪኩን ሳላውቅ ነው ያልኩት፣ ይገባሃል? ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ መስሎኝ ነው። እናቱ ልትሞት መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ስንት ሰው ያችን ሰምቶ፣ ይህች ሴት ልብ የላትም ወይ ብሎ ይሆን? አሁን እንኳ በትክክል የተናገረችዋ ተገኝታ ሳለ አንተ አፏን ትይዛታለህ?»

ማሙሽ ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ሲናገር ወደ ቴሌቪዥኑ እያየ ነበር።

«እማዬ ስትሞት ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ትዝ ይልሻል? ጎረቤት ወሰዱኝ። ብስኩት ሰጡኝ። ሁሉም ሲያዩኝ ዝም ይላሉ፤ ከክፍል ስወጣ ያለቅሳሉ። አንቺም ጭምር። ከዚያ ወደ ቤት መጥቼ ይህን ስጫወት፣ ይህች ሴት ትሄዳለች፤ መሄዷን እኔም አውቃለሁ፣ እርሷም ታውቃለች። ግን አላለቀሰችብኝም። ኮትህን ልበስ አለችኝ። ልክ እንደ ጠዋት ጠዋት።» የጆይስቲኩን ሽቦ ጣቱ ላይ ጠመጠመና ቀጠለ። «እኔ፣ እናት ስትሄድ እንዲህ ነው የምትለው ብዬ ተቀበልኩት። እማዬም እኔ ባልሰማም እንዲሁ ብላኝ ይሆናል አልኩ። በዚያች ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ የነበረው። አንቺ ተሳሳትኩ ትያለሽ። እኔን ያሳደገኝ ያ ስሕተትሽ ነው።»

ቴሌቪዥኑ ላይ ጀልባዋ ቆማ ውሃው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

እታለም ለረጅም ጊዜ መሐረቧን ስታጥፍና ስትዘረጋ ቆየች። ያን ጊዜ ኩሽና ተመልሳ ያለቀሰችውን አስታወሰች፤ ልጁ ቴሌቪዥኑ ፊት ብቻውን ተቀምጦ ምን ይሰማ እንደነበረ አንድም ቀን አልጠየቀችውም። ያ ቀጭን አዘጋጅ፣ ያ ሁሉ ኳኳታ፣ በርዝመት የተደረደረው ጽሑፍ፣ ሁሉም ተባብረው ለዚህ ልጅ አንዲት ነገር አድርሰውለታል።

«አላወቅኩም ነበር» አለችው። «እግዜር ይስጥልኝ ማሙሽዬ። ለአንተ እንዲህ ሆኖልህ እንደነበረ ስለነገርከኝ።»

«እንግዲህ እንዲሁ እንዳለ ይቅር።»

«አይቀርም።»

«እንዴ!»

«ያንተ ያንተ ነው፤ ማንም አይወስድብህም፤ የድሮው ሲዲህ አለ፣ እኔም ገና በሕይወት አለሁ፣ ሲያሰኝህ እልልሃለሁ። ይህች ሴት ግን ሠርታለች። ማይክ ፊት ቆማ፣ ጉሮሮዋን አጥርታ፣ አስባ፣ ያላትን ሰጥታለች። ይህን ሁሉ ሥራዋን አምጥተህ፣ ከሁሉ የምትበልጠዋን ቃል ከአፏ ነጥቀህ የእኔን ትሰካባታለህ? እኔ ብሆን አልወድም። አንተ ደግሞ ሰው ሌንስህን አውጥቶ የራሱን ቢከት ደስ ይልሃል?»

«አይለኝም።»

«እንግዲያውስ አስወጣኝ።»

ማሙሽ ተነፈሰ። ከዚያ፣ ራሱ በሠራው ነገር እንዳፈረ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ተሠርታለች እኮ» አለ።

«ምን?»

«የእርሷ። ከሁሉ አስቀድሜ የሠራኋት እርሷን ነው። ከአንቺ ረዘም ስለምትል፣ በአንቺ ልክ ባጠረው ሥዕል ላይ አፏ ቶሎ ይዘጋባት ነበር፤ ሥዕሉን ለማዘግየት ስንት ለፋሁባት መሰለሽ። ሠርቼ ጨርሼ ማስገባት አቃተኝ።»

«አስገባታ።»

ወደ ክፍሉ ሄደ። እታለም ብቻዋን ሆና ቀሚሷን አስተካከለች፤ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ውሃውን ስታይ ቆየች። መጥቶ ሲዲውን ቀየረ፤ እስከዚያች ቦታ ድረስ ተጫወተ። መዘውሩ ተያዘ። ልጁ ዞረ። እናቲቱ ቀና አለች።

መጀመሪያ የመጣው ትንፋሽ ነው፤ በአፍንጫዋ፣ አጭር። ከዚያ ቃሉ ዝቅ ብሎ ጀመረ፤ ተራ የቤት ውስጥ ቃል፣ ሰው ሰምቶት የሚያልፈው ዓይነት። መሐሉ ላይ ድምፅዋ ጥቂት ተደናቀፈ፤ ደረጃ ስቶ እንደሚረግጥ እግር። አልወደቀችም። ያዘችውና፣ ልጁ መደናቀፏን እንዳያውቅባት መጨረሻውን ወደ ፈገግታ አወጣችው። ከሥር በእኛ ቋንቋ ያችው ጽሑፍ ተነበበች፤ ውጭ ይበርዳል፣ ኮትህን ልበስ።

እታለም ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አላፈሰሰችውም። እዚህ ግባ የማይባል ክፍል ውስጥ፣ ምናልባት እርሷም ከአንድ ጫማ ቤት ሥር ቆማ፣ ይህች ሴት ልጁን እንደሚገባ ሸኝታዋለች። ለእጅ ሥራ እጅሽ ይባረክ ይባላል፤ ለእንዲህ ያለው ምን እንደሚባል ጠፋት። «አንደበትሽን ይባርከው» አለች ቀስ ብላ፣ ለቴሌቪዥኑ።

«ድገምልኝ።»

ማሙሽ ወደ ኋላ መለሰና ደገመላት።

«አንዴ ደግሞ።»

ደገመ። በዚህኛው ጊዜ ግን ማሙሽ ቴሌቪዥኑን አላየም፤ እርሷን ነበር የሚያየው። የእታለም ከንፈሮች ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሱ ነበር። በማታውቀው ቋንቋ ትንፋሹን በአፍንጫዋ እየሳበች፣ መደናቀፊያዋ ላይ እኩል እየተደናቀፈች፣ ከባልደረባዋ ጋር አብራ ትናገራለች።

«አንዴ ብቻ፣ የመጨረሻ» አለች፣ ዓይኗን ከሥዕሉ ሳትነቅል።

ማሙሽ ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አኖረላት። አውራ ጣቷን ያዘና ወደ ኋላ የሚመልሰው ቁልፍ ላይ አስቀመጠው፤ አንድ ጊዜ አብሯት ተጫነው። እናቲቱ ቀና ስትል፣ እርሱ ተነሥቶ ከክፍሉ ወጣ።